ልጆችና ካሎሪ፦ ምኑን እንቁጠር?

በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከጤና ሚኒስቴር ጋር በ2014 ዓ.ም. ያወጣው የአመጋገብ መመሪያ የሚያተኩረው እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና የእንስሳት ተዋጽኦን አሰባጥሮ በመመገብ ላይ ነው። ለልጆችም ከካሎሪ ሒሳብ ይህ ይቀድማል እንላለን፤ ሐኪም ሳያዝለት እያንዳንዱን ጉርሻ የሚቆጥር ልጅ ገበታ መፍራት ሊጀምር ይችላል። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቢበዛ የሆድን ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶ ለመጠጥ፣ ሲሶ ለትንፋሽ መድበዋል። ስለዚህ ልጁ «ጠገብኩ» ካለ ሳህኑን እንዲጨርስ አናስገድደው።

ለስላሳ መጠጥ ግን ይቆጠር። 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል። አንዱ ግራም 4 ካሎሪ ነውና 120 ይሆናል፤ በሻይ ማንኪያ ሲለካ 6 ወይም 7። በዒድ ቀን ከአያት ቤት፣ ከአክስት ቤት፣ ከጎረቤት እየተቀበለ ሦስት የጠጣ ልጅ ካለን፣ ማባዛቱን ለራሱ እንስጠው።