ከሞት ፍርድ ወደ እርጅና፦ ኤች አይ ቪ በሳን ፍራንሲስኮ የፍቅር ልብ ወለድ

በወንዶች መካከል ያለን ፍቅር በሚተርከው የአሜሪካ ልብ ወለድ ውስጥ ኤች አይ ቪ እንዴት እንደተሣለ ለሚያጠና ሰው ከአርሚስቴድ ሞፒን ተከታታይ ድርሰት የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 በሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጣ መታተም የጀመረው «የከተማዋ ተረቶች» ከወረርሽኙ በፊት ተጸንሶ፣ ወረርሽኙ የደረሰው ገጸ ባሕርያቱ በአንባቢ ዘንድ እንደ ጎረቤት ከተለመዱ በኋላ ነውና።

በሽታው በ1981 በሎስ አንጀለስ በአምስት ወጣት ወንዶች ላይ በታየ ያልተለመደ የሳንባ ምች ከተመዘገበ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1984 የወጣው «ቤቢኬክስ» ሐኪሙ ጆን ፊልዲንግ በኤድስ መሞቱን ሲያረዳ የሞቱን ሰዓት ግን አያሳይም፤ አንባቢ የሚያገኘው ሐዘኑን ይዞ ሥራ የሚሄደውን፣ አልፎ አልፎም የሚቀልደውን ወዳጁን ማይክል ቶሊቨርን ነው። የላሪ ክሬመር «ዘ ኖርማል ሃርት» ተውኔት በቀጣዩ ዓመት በኒው ዮርክ ካሰማው ቁጣ ጋር ሲነጻጸር ይህ ሽሽት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በሕይወት የቀረውን ሰው ኑሮ ማሳየት ከሞት አልጋ ትዕይንት የማያንስ ሐቀኝነት ነበረው።

የዘመናዊው የፍቅር ልብ ወለድ ልማድ ፍቅረኞቹ አብረው የሚዘልቁበትን ፍጻሜ ስለሚሻ፣ ውጤታማ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ደራሲው ወይ ዘውጉን ወይ እውነቱን መክዳት ግድ ይሆንበት ነበር። ቫይረሱን የሚገቱ መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት ከ1996 ጀምሮ ሲስፋፋ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከዚያ ወዲህ ቫይረሱ በደሙ ያለበትን ገጸ ባሕርይ ሕክምና እያገኘ ለእንባ ሲባል ብቻ መግደል ራሱ ሐሰት ሆነ። ሞፒን በ2007 ባወጣው «ማይክል ቶሊቨር ይኖራል» ውስጥ ቫይረሱ በደሙ በመገኘቱ ይሞታል ተብሎ የተፈራው ማይክል ሃምሳዎቹን ዓመታት የተያያዘ አትክልተኛ ሆኖ፣ በዕድሜ እጅግ ከሚያንሰው ከባለቤቱ ከቤን ጋር ስለ እርጅና ይጨነቃል።

በመድኃኒት ኃይል በምርመራ ሊታይ እስከማይችል ድረስ የቀነሰ ቫይረስ በወሲብ እንደማይተላለፍ፣ በ2019 በታተመው «ፓርትነር 2» ጥናት በወንድ ጥንዶች ዘንድ ተረጋገጠ። የመተላለፍ ፍርሃት ቢወገድም ለፍቅረኛ የመንገር ፍርሃት አልተወገደም፤ ይህን አንድ ገጽ ላይ በመተቃቀፍ የሚዘጉት የዛሬ ድርሰቶች ቸኩለዋል ማለት ይቻላል። ሞፒን ራሱ በ2024 ባወጣው «ሞና ኦፍ ዘ ማነር» ጥምሩ ሕክምና ገና ወዳልተገኘበት ወደ 1990ዎቹ መጀመሪያ ሲመለስ፣ አንባቢ ማይክል እንደሚተርፍ ያውቃል፤ ማይክል ግን አያውቅም።