የአንስታይን የተመለሱ ማመልከቻዎች

የማስተርስ ማመልከቻችሁ ተቀባይነት አጥቶ «ቲቸር፣ በቃ ትምህርት ለኔ አይሆንም ማለት ነው?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለጻፋችሁልኝ የድሮ ተማሪዎቼ፦ የታሪክ አስተማሪ ነኝና መልሴም ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንስታይን ሂሳብ ወድቋል የሚባለውን መጀመሪያ እንተወው፤ ውሸት ነው። በ1895 ለዙሪክ ፖሊቴክኒክ መግቢያ ሲፈተን ገና 16 ዓመቱ ነበር። ሂሳብና ፊዚክሱን በደንብ ሠርቶ በሌሎቹ ትምህርቶች ነው የወደቀው። አንድ ዓመት ሌላ ቦታ ተምሮ በ1896 ገባ። የሚጠቅማችሁ ግን ከምረቃ በኋላ ያለው ነው።

በ1900 ተመረቀ፤ ረዳቱ አድርጎ የሚቀጥረው ፕሮፌሰር ግን አጣ። አባቱ፣ ልጃቸው ሳያውቅ፣ ላይፕዚግ ላለው ለታዋቂው ኬሚስት ለኦስትዋልድ ደብዳቤ ጽፈው ልጄን አበርታልኝ ብለው ለመኑ። (ይኸው ኦስትዋልድ በ1910 አንስታይንን ለኖቤል አጭቶታል። የአባት ነገር!) በ1901 የዶክትሬት ጽሑፉን ለዙሪክ ዩኒቨርሲቲ አስገባ። አልሆነም፤ በ1902 መልሶ ወሰደው፣ የከፈለው 230 ፍራንክም ተመለሰለት። በርን ከተማ የፓተንት ቢሮ ተቀጠረ። በ1905 ሌላ ጽሑፍ አዘጋጅቶ እዚያው ዙሪክ አስገባ፤ ያኔ ተቀበሉት።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የ1907ቱ ነው። ልብ በሉ፣ የአንጻራዊነት ጽሑፉ ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በርን ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የሚያስችለውን ፈቃድ ጠየቀ። ለዚህ ደግሞ ከዶክትሬቱ ሌላ፣ ያልታተመ አዲስ የምርምር ጽሑፍ ማቅረብ ግዴታ ነበር። እሱ ያንን ትቶ የታተሙ 17 ሥራዎቹን አያይዞ ላከ፤ ደንቡ የተለየ ሥራ ላለው ሰው የምትሆን ቀዳዳ ነበረቻት። ፋኩልቲው ግን ጽሑፉን ካላመጣህ አይሆንም አለ። ምክንያቱ ያ ብቻ ነው፤ የጎደለ ወረቀት።

እናንተም የደረሳችሁን መልስ እንደገና አንብቡት። የመግቢያ ፈተናው ነጥብ ነው? የድጋፍ ደብዳቤ? የምርምር ንድፈ ሐሳቡ? ካልተጻፈበት ደፍራችሁ ዲፓርትመንቱን ጠይቁ። ምክንያቱን ሳያውቁ ያንኑ ወረቀት ለከርሞ ደግሞ መላክ ድካም ነው።

ሰውዬው በጥር 1908 ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ዙሪክ ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ መምህርነት አመለከተ። የኛን ሥራ! አመልካቹ 21 ነበር፤ ለመጨረሻው ዙር ከተመረጡት ሦስቱ ውስጥ አንስታይን የለም። (ይቺን ለባልደረቦቼ ስነግራቸው አያምኑኝም።)

ከዚያ ከወዳጆቹ ጋር ተማክሮ ወደ በርን ተመለሰ። የተጠየቀውን ጽሑፍ አስገባ፣ በየካቲት 1908 ፈቃዱን አገኘ። ክፍሉ ማክሰኞና ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነበር፤ የፓተንት ሥራውን ገና አልለቀቀም። በዚያ መጀመሪያ ሴሚስተር ሊሰሙት የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም ጓደኞቹ።