ራቡኮሜ፤ በአማርኛ «የፍቅር ዋዛ»

በጃፓን አገር ሥዕልን እንደ ሕያው ነገር እያንቀሳቀሱና እያናገሩ ከሚሠሩት፣ የአገሩም ሰዎች «አኒሜ» ብለው ከሚጠሩት ጥበብ መካከል፣ በጠባይም በመልክም በኑሮም የማይመሳሰሉ ሁለት ወጣቶች፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ክፍል እየተማሩ፣ እየተጣሉና እየታረቁ፣ ራሳቸው ሳያውቁት ልባቸው ወደ ፍቅር ሲያዘነብል የሚያሳይ አንድ ወገን አለ፤ ስሙም «ራቡኮሜ» ይባላል። ይህ ወገን ከጃፓን አልፎ በእጅ ስልክ እየተጫነ እኛም ዘንድ፣ በክብረ መንግሥትና በነጌሌ ቦረና ወጣቶች እጅ ሳይቀር የደረሰ ሆኖ ሳለ፣ በአማርኛ ግን ራሱን የቻለ ስም ስላልወጣለት፣ ተመልካቹ ያየውን ለማያውቀው ሰው ለማስረዳት ሲፈልግ ወይ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መተረክ ወይም በባዕድ ቃል መንተባተብ ግድ ይሆንበታል። የዚህች ሐተታ ዓላማ ቃሉን መተርጐም፣ የተተረጐመበትንም ምክንያት መግለጥ ነው።

ቃሉ ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ ሁለት ቃላት በጃፓኖች አንደበት ተለዝበውና ጫፋቸው ተቆርጦ የተጋጠሙበት ነው፤ በጃፓንኛ የ«ለ»ም የ«ቨ»ም ድምፅ ስለሌለ፣ ፍቅር ማለት የሆነው «ላቭ» ወደ «ራቡ» ተለወጠ፣ «ኮሜዲ»ም አጥሮ «ኮሜ» ብቻ ቀረ። ለወገኑ መስፋፋት ብዙ ድርሻ ካላቸው ሥራዎች አንዱ ሩሚኮ ታካሃሺ የተባለችው ደራሲት እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1987 ዓ.ም. በሳምንታዊ መጽሔት ያወጣችው «ኡሩሴይ ያጹራ» የተሰኘው ሥዕላዊ ልብ ወለድ ሲሆን፣ ከሌላ ዓለም የመጣች ልጃገረድ ከአንድ ተራ ተማሪ ጋር ስትጣመር የሚያሳየው ይህ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1986 ዓ.ም. በአኒሜ ተሠርቶ 195 ክፍል ሆኖ በቴሌቪዥን ታይቷል። ነገር ግን ለወገኑ መወለድ ከደራሲዎቹ ጥበብ የሚቀድም ሌላ ምክንያት እንዳለ መታወቅ አለበት፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በጃፓን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች ወንዱና ሴቱ በየራሳቸው ይማሩ ስለነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ሕግ ሁለቱን ጾታዎች በአንድ ክፍል ባያገናኝ ኖሮ፣ የክፍል ጓደኛ ፍቅር የሚባል ታሪክ የሚበቅልበት መሬት ባልተገኘም ነበር።

ለአብነት ያህል ከሁሉ ይልቅ ነገሩን አጉልቶ የሚያሳየው፣ አያ ናካሃራ የተባለችው ደራሲት እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2006 ዓ.ም. በ17 ቅጽ የጻፈችው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ቶኤይ የተባለው ኩባንያ በ24 ክፍል አኒሜ አድርጎ ያወጣው «ላቭሊ ኮምፕሌክስ» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ኦሳካ በተባለችው፣ ሕዝቧ በተጫዋችነቱና በቀልድ አዋቂነቱ በመላው ጃፓን በታወቀላት ከተማ ሲሆን፣ ባለታሪኮቹ ሪሳ ኮይዙሚ የተባለች ቁመቷ 172 ሳንቲ ሜትር የሆነ ልጃገረድና አጹሺ ኦታኒ የተባለ ቁመቱ 156 ሳንቲ ሜትር የሆነ ልጅ ናቸው። የክፍል ጓደኞቻቸው እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው ሲጨቃጨቁ ባዩ ቁጥር፣ አንደኛቸው ረጅም ሁለተኛቸው አጭር በሆኑ በታወቁ ሁለት የመድረክ ቀልደኞች ስም ይጠሯቸዋል። ሁለቱም በየፊናቸው ሌላ ሰው ስለሚወዱ፣ እርስ በርሳቸው ሊረዳዱ ይዋዋላሉ፤ የተመኟቸው ሁለቱ ግን ተፋቅረው አንድ ላይ ሲሆኑባቸው፣ ውል የተዋዋሉት ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ነው ሪሳ፣ ስትሰድበውና ሲሰድባት የኖረው ይህ አጭር ልጅ የልቧ ባለቤት መሆኑን የምትረዳው፤ ነገር ግን ስሜቷን ልትገልጥለት ስትሞክር እርሱ ከቀልዱ እንደ አንዱ ይቈጥርባታል። እዚህ ላይ ተመልካቹ እየሳቀ ያዝናል፤ የወገኑም ሙሉ ምሥጢር በዚህ በአንዲት ትዕይንት ውስጥ ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ይህ ነገር ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ፈጽሞ ባዕድ ነውን? አይደለም። «ኮሜዲ» የሚለውን ቃል በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓመታት የአውሬዎችን ተረት ወደ ተውኔት በለወጡበት በ«ፋቡላ» ላይ «ኮመዲያ» ብለው ለአገራችን አስተዋውቀውታል፤ ፍቅርንና ጋብቻን በሳቅ የመመርመርን ጥበብ ደግሞ በ1950ዎቹ መንግሥቱ ለማ፣ የሊቁ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ፣ በ«ጠልፎ በኪሴ» እና በ«ያላቻ ጋብቻ» ከፍ ወዳለ ደረጃ አድርሶታል። በተለይ የሁለተኛው ተውኔት ርእስ ለያዝነው ጉዳይ የተዘጋጀ ይመስላል። «አቻ» ማለት እኩያ፣ ተመጣጣኝ፣ ጓደኛ ሲሆን፣ «ያላቻ» ሲባል ያለ እኩያው የተጣመረ ማለት ነውና፣ በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ የባለ ርስት ወገን ወጣት ከቤት ሠራተኛ ጋር ሲጣመር የተመለከተው የመንግሥቱ ለማ ታዳሚ፣ በረጅሟ ሪሳና በአጭሩ ኦታኒ ላይ የሚስቀውን ሳቅ ቀድሞ ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ በመንግሥቱ ለማ ዘንድ የአቻነት ሚዛን ዘርና ርስት፣ በጃፓኖቹ ዘንድ ደግሞ ቁመትና ጠባይ መሆኑ ነው።

ጃፓንና ያላቻ ፍቅር ከተነሡ ዘንድ አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ይቈጨኛል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተጉዘው የተመለከቱትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተሰኘው መጽሐፋቸው ለአማርኛ አንባቢ ሲያቀርቡ፣ በዚያው ጉዞ አብሯቸው የነበረው ልጅ አርአያ አበበ ከጃፓን መሳፍንት ወገን የሆነች ልጃገረድ ለማግባት ታጭቶ እንደነበር፣ ጋብቻውም ሳይፈጸም እንደቀረ ታሪክ ይነግረናል። በባሕርና በልሳን የተለያዩ ሁለት ወጣቶች ሊጣመሩ የታሰበበት ያ ነገር ሳቅ ሳይሆን የመንግሥታት ጉዳይ ሆኖ አለፈ።

አሁን ወደ ትርጉሙ እንመለስ። ፍቅር የሚለው የቃሉ ወገን አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ሳቁን በምን ቃል እንጥራው የሚለው ነው። «ፌዝ» ብንለው፣ ፌዝ የሚያዋርድ ሳቅ ስለሆነ፣ በጥንዶቹ ፍቅር ላይ የሚያላግጥ ያስመስላል። «ሥላቅ» ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ሥላቅ የክፉዎች ግብር ሆኖ ስለሚነገር የሚስቀውን ሰው ከሚሳቅበት ሰው በላይ አድርጎ ያስቀምጠዋል። «ቧልት» ፍሬ የሌለው ነገር፣ «ቀልድ» ደግሞ ተነግሮ የሚያልፍ አንድ ንግግር እንጂ ሙሉ ታሪክን የሚሸከም ስም አይሆንም። የቀረን «ዋዛ» ነው። ዋዛ ዘወትር ከቁም ነገር ጎን የሚቆም ቃል ነው፤ አባቶቻችን «ዋዛና ቁም ነገር» እያሉ ሁለቱን አብረው የጠሩት፣ የሰው ንግግር ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይታወቅ የሚሻገር መሆኑን ስለተረዱ ነው። ሪሳና ኦታኒ በዋዛ ተዋዋሉ፣ በዋዛ ተሰዳደቡ፣ ከዋዛው መካከል ግን ቁም ነገሩ ተነሣባቸው። ስለዚህ ራቡኮሜ በአማርኛ «የፍቅር ዋዛ» ቢባል፣ በክፍል ጓደኞች መካከል የሚሆነው ዓይነት ደግሞ «የተማሪ ቤት የፍቅር ዋዛ»፣ በእርሱም ውስጥ የማይመጣጠኑት ጥንዶች «ያላቻ ጥንዶች» ቢባሉ፣ ለጆሮ የማይከብድ፣ ለምሥጢሩም የታመነ ስያሜ ይሆናል። የፍቅር ዋዛ ማለት ፍቅርን ማቃለል ነው ብሎ የሚሰጋ አንባቢ ካለ፣ ዋዛው የተጨመረው በፍቅሩ ላይ ሳይሆን ፍቅሩን ለመናገር በሚያፍረው አንደበት ላይ መሆኑን እንዲያስተውል እለምነዋለሁ።

ያላቻ የሚለው ቃል በክብረ መንግሥት ሰው ጆሮ ልዩ ትርጉም እንዳለው ደግሞ ማሳየት እፈልጋለሁ። ይህች ከተማ የአዶላ ወርቅ ከየአገሩ የጠራው ሰው የተሰበሰበባት በመሆኗ፣ የወርቅ ሠራተኛው ልጅ፣ የጉጂው ከብት አርቢ ልጅ፣ የሲዳማው ገበሬ ልጅና የጉራጌው ነጋዴ ልጅ በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ፤ ወደ ነጌሌ ቦረና ሲወርዱ ደግሞ የቦረናውና የሶማሌው ልጅ ይጨመራሉ። በቤት አንድ ልሳን፣ በገበያ ሌላ ልሳን፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ መማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አንዱ የተናገረውን ሌላው ሌላ አድርጎ መስማቱ ለተማሪዎቹ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ወላጆች ጋብቻን በጐሣ ሥርዐት ወይም እስከ ሰባት ቤት ዘር ቈጥረው ሲያስቡ፣ ዴስክ ግን ዘር ሳይቈጥር ሰውን ከሰው ጎን ያስቀምጣል። የራቡኮሜ ደራሲዎች ይህንን የዴስክ ኀይል ተረድተውታል፤ በጃፓን ተማሪ ቤቶች የመቀመጫ ቦታ በየጊዜው በዕጣ የመለዋወጥ ልማድ ስላለ፣ ብዙዎቹ ታሪኮች የሚጀምሩት ዕጣው ሁለት የማይስማሙ ልጆችን ጎን ለጎን ሲጥላቸው ነው። በእኛ ዘንድ መምህሩ አጭሩን ከፊት ረጅሙን ከኋላ ያስቀምጣልና፣ የጠዋቱም የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ በቁመት ይሰለፋልና፣ ሪሳና ኦታኒ የእኛ ተማሪዎች ቢሆኑ ኖሮ የሚተያዩት ከክፍሉ ዳርና ዳር ሆነው ነበር። ይህን ታሪክ ወደ አገራችን ተማሪ ቤት ለማምጣት የሚያስብ ደራሲ ከሁሉ አስቀድሞ ሊፈታው የሚገባ ችግር ይህ ነው፤ እኔ ብሆን በአንድ መማሪያ መጽሐፍ ለሁለት እንዲያነቡ በማድረግ አገናኛቸዋለሁ።

ከራቡኮሜ ጋር ተያይዞ የሚነሣ፣ ትርጉም የሚያሻው ሌላ ቃል «ጹንዴሬ» ነው። ጃፓኖች በመኰሳተርና በመቈጣት የሚገለጠውን ጠባይ «ጹንጹን»፣ በፍቅር መልፈስፈስን ደግሞ «ዴሬዴሬ» ስለሚሉ፣ ከሁለቱ የተገጠመው ቃል በላዩ ቍጡ ሆኖ በልቡ የሚሳሳ ሰው ማለት ነው፤ «ቶራዶራ» በተሰኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. መታየት በጀመረው አኒሜ ውስጥ ያለችው ትንሿ ቍጡ ታይጋ አይሳካ የዚህ ጠባይ የታወቀች ምሳሌ ናት። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ሲሰማ «ውስጠ ወይራ» የሚለውን ዘይቤ ማስታወሱ አይቀርም፤ ውስጠ ወይራ ላዩ ለስላሳ ሆኖ ውስጡ የወይራ በትር ያህል የጠነከረ ንግግር ነውና፣ ጹንዴሬ የእርሱ ተገላቢጦሽ ነው። ጥንካሬው በውጭ ልስላሴው በውስጥ ስለሆነ፣ በግእዙ «ውጭ» ማለት የሆነውን «አፍኣ» ወስደን «አፍኣ ወይራ» ብንለው፣ የቅኔ ሊቃውንት ለዘመናት ያዘጋጁት መዝገብ ለአዲስ ነገር ስም አወጣ ማለት ነው።

የቀረው፣ ለተርጓሚዎች ሁሉ እጅግ የሚያስቸግረው፣ ልብ የሚገለጥበት ጊዜ ነው። ጃፓኖች ፍቅርን ፊት ለፊት መናገርን «ኮኩሃኩ» ይሉታል፤ ይህንን «ኑዛዜ» ብሎ መተርጐም ኀጢአትን ለካህን መናዘዝን ወይም የሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ቃልን ስለሚያስታውስ አይስማማም፣ «ልብ መግለጥ» ይበቃዋል። ችግሩ በዚያን ጊዜ የሚነገረው «ሱኪ» የሚለው ቃል ማን ማንን እንደሚወድ ሳይናገር ሊቆም መቻሉ ነው፤ ሰሚውም ምግቡን ነው፣ ዘፈኑን ነው፣ ወይስ እኔን ብሎ ሊሳሳት ስለሚችል፣ ብዙው ሳቅ የሚፈልቀው ከዚህ ነው። በአማርኛ ግን «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» ባልን ጊዜ ተወዳጁ ወንድ ይሁን ሴት፣ ቅርብ ይሁን ሩቅ በግሡ ውስጥ ታውቆ ያድራል፤ ለመሳሳት የሚሆን ቀዳዳ አይቀርም። ተርጓሚው እንዲህ ባለው ቦታ «ፍቅር ይዞኛል» የሚለውን አባባል ቢጠቀም፣ ቋንቋችን የተወዳጁን ስም ሳይጠራ ፍቅርን የሚናገርበት የቈየ መንገድ እንዳለው ይገነዘባል፤ ሪሳ እንዲህ ብትል ኦታኒ «ማን ይሆን?» ብሎ ሊጠይቃት ይችላል፣ ታሪኩም ሳይሰበር ይቀጥላል።

የስም አጠራርም እንዲሁ ነው። በጃፓን የክፍል ጓደኛሞች በቤተ ሰብ ስም ይጠራራሉና፣ አንዱ ሌላውን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ስም የጠራበት ቀን በራቡኮሜ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛ ደግሞ የቤተ ሰብ ስም ስለሌለን፣ እኩዮችም ከመጀመሪያው ቀን «አንተ» እና «አንቺ» ስለሚባባሉ፣ ይህንን ለውጥ የሚሸከምልን ቁልምጫ ብቻ ነው፤ በተራ ስሙ ሲጠራ የኖረው ልጅ አንድ ቀን በስሙ መጨረሻ «ዬ» ስትጨመርለት የሚሰማው ነገር ከዚያው የሚተካከል ነው። ኮይዙሚና ኦታኒ ግን ከተፋቀሩም በኋላ እርስ በርሳቸው በቤተ ሰብ ስም መጠራራቱን አልተዉም፤ ስለዚህ የእነርሱን ታሪክ የሚተረጕም ሰው ቁልምጫውን ሊነፍጋቸው ይገባል፣ በደረቁ ስም የሚጠራሩበትም ድምፅ ከቁልምጫ ይልቅ የሚያሳሳ እንዲሆን አድርጎ መጻፍ የእርሱ ፈንታ ነው።