ጨለማ ክፍል (ፎቶግራፍ)

ጨለማ ክፍል በፊልም የተነሣ ፎቶግራፍ በኬሚካል የሚታጠብበትና በወረቀት ላይ የሚታተምበት፣ የውጭ ብርሃን የማይገባበት ክፍል ነው። በኢትዮጵያ ይህ ሥራ በጥቅሉ «ፎቶ ማጠብ» ይባላል፤ ፊልሙን ወደ ፎቶ ቤት የወሰደ ሰውም «ፎቶ አሳጠበ» ይባላል። ቃሉ ግን አንዱን ደረጃ ብቻ የሚጠራ ነው። በውስጡ ምስል ማውጣት፣ ማጽናት፣ በውኃ ማጠብ፣ ማድረቅና ማተም የተባሉ የተለያዩ ሥራዎች አሉ። ከዲጂታል ካሜራ በፊት ጉርድ ፎቶም ሆነ ለኤግዚቢሽን የሚቀርብ የኪነ ጥበብ ሥራ በዚህ መንገድ ያልፍ ነበር። አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ጥርት ብሎ መታየቱ ወይም መደብዘዙ በአብዛኛው የሚወሰነው በጨለማ ክፍል በተደረገለት ጥንቃቄና ከዚያ በኋላ በአያያዙ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አመጣጥ

እንግሊዛዊው ዊሊያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1841 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ዘዴ ከአንድ ኔጋቲቭ ብዙ ቅጂ ማተም አስቻለ። ኔጋቲቭ ብርሃኑና ጥላው የተገለበጠ ምስል ነው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ደግሞ ነጭ ሆኖ ይታይበታል። ጆን ኸርሼል በ1819 ሃይፖ (ሶዲየም ታዮሰልፌት) የብር ጨዎችን እንደሚያሟሟ አግኝቶ ነበር፤ በ1839 ይኸው ኬሚካል ፎቶግራፍን ለማጽናት ዋለ። ጆርጅ ኢስትማን በ1888 የጥቅል ፊልም የሚጎርሰውን ኮዳክ ካሜራ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ አንሺው ሌላ፣ አጣቢው ሌላ መሆን ቻለ።

በኢትዮጵያ

በ1867 እና 1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በመሐንዲሶች ክፍሉ ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። እነዚህ ሰዎች የአገሩን ገጽታ ከማንሣታቸው ሌላ ለጦሩ የሚያስፈልጉ ካርታዎችን በፎቶግራፍ ያባዙ ነበር። በዚያ ዘመን በሰፊው ይሠራበት የነበረው የእርጥብ ኮሎዲየን ዘዴ መስተዋቱ ሳይደርቅ ወዲያው እንዲታጠብ ስለሚያስገድድ፣ ከከተማ ርቆ የሚሠራ አንሺ ጨለማ ክፍሉን በድንኳን መልክ ይዞ መጓዝ ነበረበት።

አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ። ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮም (ቶኒ) ሙያውን ወርሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጥለውበታል። ከ1867 እስከ 1935 ያለውን የኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ታሪክ ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ አጥንተውታል።

በፎቶ ቤት ውስጥ አንሺው፣ አጣቢውና አታሚው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበር። የፊት ጠባሳን ወይም መጨማደድን ለማለስለስ ኔጋቲቩን በእርሳስ መነካካት፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶን በእጅ ቀለም መቀባት የሙያው አካል ነበሩ። በዚህ የተነሣ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውጭ የዳበረ የእጅ ጥበብ ነው ማለት ይቻላል።

ፊልም ማጠብ

ፊልም በጄላቲን ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን የብር ጨው ቅንጣቶች ያሉበት ፕላስቲክ ነው። ብርሃን ያገኛቸው ቅንጣቶች ይለወጣሉ፤ ለውጡ ግን ገና ለዓይን አይታይም። ፊልሙ ሙሉ ጨለማ ውስጥ በጥቅልል መያዣ ላይ ተጠምጥሞ ብርሃን በማያስገባ ታንክ ውስጥ ከገባ በኋላ ቀሪው ሥራ በብርሃን ሊከናወን ይችላል። ደረጃዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1. ምስል ማውጣት፦ ዲቨሎፐር የተባለው ፈሳሽ ብርሃን የነካቸውን ቅንጣቶች ወደ ጥቁር ብር ይለውጣል። ለምሳሌ ኤችፒ5 ፊልም ባልተበረዘ አይዲ-11 ዲቨሎፐር በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 7 ደቂቃ ተኩል ይወስዳል።
2. ማቆም፦ ቀጠን ያለ የአሴቲክ አሲድ ውህድ የዲቨሎፐሩን ሥራ ያቆማል።
3. ማጽናት፦ ፊክሰር ብርሃን ያልነካቸውን ቅንጣቶች አሟሙቶ ያስወጣል። ከዚህ በኋላ ፊልሙ ብርሃን ቢያየው አይበላሽም።
4. በውኃ ማጠብ፦ የቀረውን ፊክሰር ማስወገድ ነው። ውኃ በሚቸግርበት ቦታ የኢልፎርድ ኩባንያ ዘዴ ይጠቅማል፦ ታንኩን ሞልቶ 5 ጊዜ መገልበጥና መድፋት፣ እንደገና ሞልቶ 10 ጊዜ፣ በመጨረሻም 20 ጊዜ። ቧንቧ ከፍቶ መተው አያስፈልግም።
5. ማድረቅ፦ ፊልሙ አቧራ በሌለበት ቦታ ተሰቅሎ ይደርቃል።

በደጋ አካባቢ መሥራት

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በእንዲህ ያለው የአርሲ ደጋ የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውኃ ብዙ ጊዜ ከ20 ዲግሪ በታች ስለሚሆን የዲቨሎፐሩ ሥራ ይዘገያል። በብዙ ዲቨሎፐሮች ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን የተባለ ኬሚካል ከ13 ዲግሪ ገደማ በታች ሥራውን ሊያቆም ይደርሳል። ቀላሉ መፍትሔ የፈሳሾቹን ጠርሙሶች ለብ ያለ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሞ በቴርሞሜትር መከታተል ነው። የማጠቢያው ውኃም ከሌሎቹ ፈሳሾች ጋር ተቀራራቢ ሙቀት ቢኖረው ይመረጣል፤ ድንገተኛ ለውጥ ጄላቲኑን ሊያሸበሽበው ይችላል። ፊልም በታንክ ማጠብ ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም፤ ማተም ግን መብራት ይፈልጋል።

ከፍታው በማንሣቱ ላይም ለውጥ ያመጣል። እንደ ጭላሎ ያለ ተራራ ከሩቅ ሲነሣ በአየሩ ውስጥ የሚበተነው ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃን ምስሉን ያደበዝዘዋል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ቢጫ ማጣሪያ መስተዋት ሌንሱ ላይ ሲደረግ ሰማዩ ጠቆር፣ ደመናው ጎላ ይላል። በአሰላም ሆነ በአርቦዬ አካባቢ የደረሰ የስንዴ ማሳ በዚሁ ማጣሪያ ከሰማዩ ይልቅ ደመቅ ብሎ ይወጣል።

ማተም

ለማተም የኔጋቲቩ ምስል በማጉያ መሣሪያ (ኢንላርጀር) በኩል በወረቀት ላይ ይንጸባረቃል። አብዛኛው የጥቁርና ነጭ ማተሚያ ወረቀት ቀይ ብርሃን ስለማይነካው ክፍሉ ውስጥ ቀይ አምፖል ማብራት ይቻላል። አታሚው በመጀመሪያ በቁራጭ ወረቀት ላይ የተለያየ የጊዜ መጠን ሞክሮ ተስማሚውን ይመርጣል። ከዚያም አንዱን ክፍል በእጁ ወይም በካርቶን ጋርዶ ያነጣዋል፤ ሌላውን ተጨማሪ ብርሃን ሰጥቶ ያጠቁረዋል። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ከፍሬድ አርቸር ጋር ያዘጋጀው «ዞን ሲስተም» የተባለው ዘዴ ይህን ውሳኔ ገና ፎቶው ሲነሣ አስቀድሞ ለማሰብ ይረዳል።

ለኢትዮጵያ አታሚዎች የተለመደው ፈተና ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ነው። ለፊቱ የሚበቃ ብርሃን ሲሰጥ ኔጋቲቩ ላይ የነጠላው ቦታ እጅግ ይጠቁርና ሲታተም ጥለቱም እጥፋቱም የማይለይ ነጭ ብቻ ይሆናል። ነጠላውን ብቻ አይቶ ማንሣት ደግሞ ፊቱን በጥላ ይውጠዋል። መፍትሔው ለፊቱ በቂ ብርሃን ሰጥቶ ማንሣት፣ ዲቨሎፐር ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ጥቂት መቀነስ፣ ሲታተምም ፊቱን ጋርዶ ነጠላው ላይ ብርሃን መጨመር ነው።

በዘመናዊ ኪነ ጥበብ

በ2005 ኮዳክ የጥቁርና ነጭ ማተሚያ ወረቀት ማምረት አቆመ፤ በ2012 መጀመሪያ ደግሞ ከኪሳራ እንዲጠበቅ ለፍርድ ቤት አመለከተ። በኢትዮጵያም ብዙ ፎቶ ቤቶች ወደ ዲጂታል ዞረዋል። አይዳ ሙሉነህ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታ ለአገር ውስጥ አንሺዎች ዓለም አቀፍ መድረክ ከፍታለች። ግርማ በርታ በሞባይል ስልክ ባነሣቸው የአዲስ አበባ የጎዳና ሥራዎች በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም ድጋፍ አግኝቷል። በ2002 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል የተመረቀው ሚካኤል ጸጋዬ የዘይት ቀለም አለርጂ ስለሆነበት ወደ ፎቶግራፍ ተሻግሯል። ከሥራዎቹ አንዱ በመቃብር ድንጋዮች ላይ ያሉ፣ በጊዜ ብዛት የተጎዱ የሟቾችን ፎቶግራፎች ያሳያል።

አጠባበቅ

የታተመ ፎቶ ዋና ጠላት በወረቀቱ ውስጥ የቀረ ፊክሰር ነው፤ ከዓመታት በኋላ ምስሉን ቢጫ ወይም ቡናማ ያደርገዋል። በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት በጥቂት ደቂቃ ይታጠባል፤ ተራው ወፍራም ወረቀት ግን እስከ 60 ደቂቃ ሊፈልግ ይችላል። ያገለገለ ፊክሰር ብር ስለሚይዝ ወንዝ ውስጥ መደፋት የለበትም። ክፍሉም አየር ማስወጫ ያስፈልገዋል።

ፎቶ ቤት ሲዘጋ ኔጋቲቮቹ አብረው የመጥፋት ዕድል አላቸው። የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት ሽመልስ ደስታ ኔጋቲቮቻቸውን ይዘው ወደ እንግሊዝ በመሄዳቸው ሥራዎቻቸው በኋላ ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ሊታዩ ችለዋል። በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ ደግሞ ከየቤተሰቡ አልበም ከተሰበሰቡ ፎቶዎች የተዘጋጀ ነው።

ኔጋቲቭ በእጅ ሲያዝ ከጫፉ ብቻ መያዝ፣ በወረቀት ኤንቨሎፕ ውስጥ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ይመከራል። ባለ 35 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ በ2,400 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ 3,400 በ2,270 ፒክስል ገደማ ምስል ይሰጣል። ፋይሉን በቲፍ ዓይነት ማስቀመጥና ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች መያዝ ይሻላል። ስካን ከተደረገ በኋላም ኔጋቲቩ መጣል የለበትም፤ ፋይሉ ቢበላሽ ወይም የተሻለ ስካነር ቢገኝ እንደገና የሚሠራው ከእሱ ነው።

ደግሞ ይዩ

* ፎቶግራፍ
* ካሜራ
* አሰላ