ከጠመንጃ ወደ ፎቶግራፍ፤ የጎጃም አዕዋፍ ጥናት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ ሽቅብ የወጣ መንገደኛ ጎጃም ሲገባ በመጀመሪያ የሚያገኛት የደጋ ከተማ ደጀን ናት። ከከተማይቱ በታች ገደሉና ቆላው፣ በላይዋ የእርሻው አምባ፣ ከእርሱም ወዲያ ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የጮቄ ተራራ ይገኛሉ። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን እየከበበ በደጀን ግርጌ ያልፋል። ስለሆነም በጮቄ ረግረግም ሆነ በጣና ዳር ጨፌ ላይ የሚደርሰው ሁሉ ከደጀን ሰው ጉዳይ የራቀ አይደለም። የዚህ ሀገር አዕዋፍ እንዴት እንደ ተጠና መመርመር ውሃውና ምድሩ ምን እንደ ነበሩ ለማወቅም ይረዳል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ የደረሰው በኅዳር 1770 (እ.ኤ.አ.) ነበር። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ የኢትዮጵያን አራዊትና አዕዋፍ በሥዕል አስደግፎ ገልጿል። ለባለሙያ ትልቁ ቁም ነገር ግን ብሩስ ስሞቹን ከሀገሬው አፍ ሰምቶ መጻፉ ነው። እርኩምን በእርኩምነቱ መዘገበ፤ አንዲቱን አረንጓዴ ርግብም «ዋልያ» ብሎ አስተዋወቀ። የአውሮፓ ሊቃውንት ለዚህች ርግብ የሳይንስ ስም ሲያወጡላት «ዋልያ» የሚለውን ቃል አልለወጡትም። ዛሬ በስሜን ዋልያ እንጂ በርግቧ የማይታወቀው ይህ ቃል በዓለም የአዕዋፍ መዝገብ ውስጥ ጸንቶ ይኖራል።

ከብሩስ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ልማድ ከዚህ የተለየ ነበር። በ1830ዎቹ መጀመሪያ በስሜንና በጎንደር የተጓዘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል የሰበሰባቸውን አዕዋፍ ወደ ፍራንክፈርት ወሰደ፤ በርካታ ዝርያዎችንም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሳይንስ ገለጸ። ከእነርሱም አንዱን ታላቅ ቆቅ በረዳቱ በቴዎዶር ኤርክል ስም ሰየመው። ቆቁን ከአባቶቹ ጀምሮ የሚያውቀው ገበሬ ምን ብሎ ይጠራው እንደ ነበር ግን ከሳይንሱ ስም መረዳት አይቻልም።

ጎጃምን በተመለከተ ከሁሉ የላቀውን ሥራ የሠራው ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ኤርነስት ቺዝማን ነው። ቺዝማን የዓባይን አካሄድ በካርታ ላይ ለማስፈር በበቅሎና በእግር ብዙ ደከመ፤ የጣናንም ዳርቻ ዞረ። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ በ1936 አሳተመ። ከዚህም ጋር አዕዋፍ ሰብስቦ ከስክሌተር ጋር በመሆን ስለ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ አዕዋፍ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ።

የዚያ ዘመን የአዕዋፍ ተመራማሪ ዋና መሣሪያ ጠመንጃ ነበር። ዛሬ ይህ ጭካኔ መስሎ ቢታይም ምክንያት ነበረው። ኃይለኛ አቅራቢ መነጽርና በሥዕል የተደገፈ የመስክ መምሪያ ባልነበረበት ጊዜ ሁለት ተቀራራቢ ዝርያዎችን ለመለየት ወፏን በእጅ ይዞ ላባዋን መመርመር ግድ ነበር። ከዚህም በላይ በእያንዳንዱ ቆዳ እግር ላይ የሚታሰረው ወረቀት ቀኑን፣ ቦታውንና የሰብሳቢውን ስም ይናገራል። ወፏ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላም ቆዳዋ ምስክርነቱን የሚሰጠው በዚህች ወረቀት ምክንያት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መነጽርና ፎቶግራፍ ማንሻ የጠመንጃውን ቦታ እየያዙ መጡ። በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ። በ1971 ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን የኢትዮጵያን አዕዋፍ ዝርዝር አዲስ አበባ ላይ አሳተሙ። በ1996 ደግሞ ማኅበሩ ለአዕዋፍ ከፍ ያለ ጠቀሜታ ያላቸውን 69 ቦታዎች ለይቶ አወጣ። የጮቄ ተራራ፣ የባሕር ዳርና የጣና አካባቢ፣ የፎገራም ሜዳ በዚህ መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ። ጥናቱ «ይህች ወፍ ምንድን ናት?» ከሚለው ጥያቄ ወጥቶ «ይህች ወፍ የምትኖርበት ቦታ እንዴት ነው?» ወደሚለው ተሸጋገረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የከበደ መሆኑን የፎገራ ታሪክ ያስረዳል። ከጣና በስተ ምሥራቅ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው በሚያጥለቀልቁት ሜዳ ላይ ሸሸርና ወለላ የተባሉ ጨፌዎች ነበሩ። ራሱ ላይ ወርቅማ አክሊል የመሰለ ላባ ያለው ጥቁር ክሬን፣ ክረምቱን ሸሽቶ ከአውሮፓ የሚመጣው ግራጫው ክሬን፣ ዳክዬውና ሽመላው ምግባቸውን የሚለቅሙት በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የጨፌዎቹ ውሃ እየተንጣፈፈ መሬቱ ወደ እርሻ ተለወጠ፤ ሩዝም በሜዳው ተስፋፋ። በዚህ ገበሬውን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል፤ መሬት ለጠበበውና ልጆቹን ለሚያበላ ሰው ሩዝ ሕይወት ነው። ሆኖም ጨፌው የጎርፍ ማከማቻ፣ የዓሣ መራቢያና የበጋ ግጦሽ መሆኑ በሒሳቡ ውስጥ ካልገባ የጥቅሙና የጉዳቱ ሚዛን የተሟላ አይሆንም። በ2011 በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እምቦጭ ሌላ ጭንቀት ጨመረ። ዩኔስኮ በ2015 የጣናን አካባቢ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መመዝገቡ ክብር ቢሆንም፣ ጥበቃው የሚጸናው በዳርቻው ነዋሪ ፈቃድና ጥቅም ነው።

እንግዲህ ዛሬ መነጽርና ፎቶግራፍ ማንሻ ይዞ ወደ ጨፌ የሚወርድ ሰው ከቀደሙት የሚለየው ወፏን ሳይገድል መሄዱ ነው። ነገር ግን ጎጆዋ ድረስ ተጠግቶ ከዕንቁላሏ ላይ ካስነሣት፣ ያላየውን ጉዳት አድርሶ መመለሱ ነው። ቀንና ቦታ ያልተጻፈበት ፎቶግራፍም የቱንም ያህል ቢያምር ወረቀቷ እንደ ወደቀባት ቆዳ መሆኑ አይቀርም፤ ዐይን ያስደስታል እንጂ አይመሰክርም። የጠፋ ጨፌ ምን ይዞ እንደ ነበር ማስረዳት የሚቻለው ሳይጠፋ በተጻፈው ብቻ ነው።

ቀንና ቦታው ሲጻፍ ሦስተኛ ነገር ሊታከልበት ይገባል። ብሩስ ያደረገውን ማለት ነው፤ የወፏን ስም ከሀገሬው መጠየቅ። የደጀን እረኛ በገደሉ ላይ የሚያንዣብበውን፣ የፎገራ ገበሬ በሜዳው የሚያርፈውን በስሙ ያውቀዋል። ጨፌው ሲደርቅ ወፉ ይሰደዳል፤ ወፉን ያየ ሽማግሌ ሲያልፍም ስሙ አብሮት ይቀበራል። ወፉን ለመመለስ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ይጠይቅ ይሆናል፤ ስሙን ለማቆየት ግን እርሳስና ትዕግሥት ይበቃሉ።