የእንፍራዝ ነጋዴና ሦስት መቶ ጥርኞቹ

ታራንቱላ የሚባለውን ጠጉራም ትልቅ ሸረሪት ቤት ውስጥ ማሳደግ በአውሮፓና በአሜሪካ የተለመደ ነገር ነው፡፡ የመስታወት ሣጥን ይሠራለታል፣ ውኃ ይቀመጥለታል፣ በሳምንት አንዴ ገደማ ፌንጣ ይጣልለታል፡፡ እኛ ዘንድ ይህን የሰማ ሰው «ፈረንጅ ሲጠግብ!» ብሎ ያማትባል፡፡ ለመሆኑ የዱር እንስሳ ቤት አስገብቶ፣ የምግብ ፕሮግራም አውጥቶ መቀለብ ለጎንደር አገር እንግዳ ነገር ነው እንዴ? ታሪካችን እንደዚያ አይልም፡፡

እ.ኤ.አ. በ1699 ሻርል ዣክ ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ታላቁ ኢያሱን ሊያክም ከካይሮ ተነስቶ ጎንደር ገባ፡፡ በማግስቱ ዓመት ወደ አገሩ ሲመለስ በእንፍራዝ በኩል አለፈ፡፡ እንፍራዝን እናውቃታለን፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስንጓዝ የጉዛራን ግንብ ሽቅብ እያየን የምናልፋት ከተማ ናት፡፡ ያኔ ግን ትልቅ የንግድ ከተማ ነበረች፡፡ ፖንሴ በጉዞ ማስታወሻው እንደጻፈው ዋናው ንግዷ ባሪያና ዝባድ ነበር፡፡ ዝባዱ የሚገኘው ከጥርኝ ነው፤ ሦስት መቶ ጥርኝ የሚያኖሩ ነጋዴዎችም ነበሩባት፡፡

አቀላለቡንም ሳይቀር ነግሮናል፡፡ በሳምንት ሦስት ቀን ጥሬ የበሬ ሥጋ፣ በቀረው ቀን የወተት ገንፎ፡፡ (በሳምንት ሦስቴ ሥጋ! ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምንቀለብ?) አልፎ አልፎ ደግሞ ጥሩ ሽታ ባለው ነገር ይታጠናሉ፡፡ በየሳምንቱ ቅባታቸው በጥንቃቄ ይፋቅና በበሬ ቀንድ ተጠራቅሞ አፉ ይደፈናል፡፡ ፖንሴ ቅባቱ ከላብ ጋር የሚወጣ መስሎት ነበር፡፡ እውነቱ ግን ጥርኝ ከጅራቱ ሥር ካለ ዕጢ የሚያመነጨው፣ በዱር ሳለ በየግንዱና በየድንጋዩ ላይ እየቀባ ክልሉን የሚያስታውቅበት ቅባት ነው፡፡ ሽቶ ቀማሚዎች የሚፈልጉት የሌላው መዓዛ ቶሎ እንዳይጠፋ ስለሚይዝላቸው ነው፡፡

ዋጋውን ለመገመት ቤተ መንግሥቱን ማየት ይበቃል፡፡ አፄ ፋሲል ለህንዱ ንጉሥ ለአውራንግዜብ መልእክተኞች ሲልኩ ከስጦታዎቹ አንዱ ዝባድ የተሞላ ግዙፍ የበሬ ቀንድ ነበር፡፡ መልእክተኞቹ ሱራት ላይ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1664 የሺቫጂ ጦር ከተማዋን ዘረፈ፡፡ ፍራንስዋ በርንዬ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ደልሂ ላይ ባገኛቸው ጊዜ ቀንዱ ነበር፤ ዝባዱ ግን አልነበረም፡፡

እንግዲህ የእንፍራዙ ነጋዴ ጥርኞቹን ይወድ ነበር ልንል ነው? ሙክት የሚቀልበውም ሰውዬ እኮ በጉን ያባብላል፣ ጨው ያልሰዋል፣ ክረምት ከቤት ያሳድረዋል፡፡ ፋሲካ ሲደርስ ግን ፍቅሩ የማን እንደነበረ ይታወቃል፡፡ ጥርኝ ብቻውን የሚኖር፣ ሌሊት ሌሊት ሩቅ የሚዞር እንስሳ ነው፡፡ ይህ የአያያዝ ልማድ እስከ ዘመናችን በዘለቀበት በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከዱር ተይዞ መዞር እንኳ በማያስችል የእንጨት ጎጆ ውስጥ ዕድሜውን ይጨርሳል፡፡ ምግቡ አይጓደልም፤ እሳቱም ይነድለታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ተሟጋች ድርጅት ይህን በሪፖርት ሲያወጣ ብዙዎች ደነገጡ፡፡ ሻኔልን የመሰለ ትልቅ ሽቶ አምራችም ከ1998 ጀምሮ በሰው ሠራሽ ዝባድ እንደሚጠቀም ተናግሯል፡፡

እኛ የጎንደርን ታሪክ ስናወራ ግንቡን እንቆጥራለን፣ ነገሥታቱን እንቆጥራለን፡፡ ከግንቡ ጀርባ ስለነበሩት ሦስት መቶ ጎጆዎች ግን ማንም አላስተማረን፡፡ ፖንሴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከጥርኙ ጋር አጣምሮ የጠራቸውን ባሪያዎችማ ጭራሽ አናነሳቸውም፡፡ እነሱም እኮ እስኪሸጡ ድረስ ይቀለቡ ነበር፡፡

ዛሬ በከተሞቻችን ኤሊውንም ጦጣውንም ቤት ውስጥ ማኖር የሚያምረው ወጣት አይጠፋም፡፡ ሸረሪቱም አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል፡፡ «ምን ይበላል?» የሚለው ጥያቄ ቀላሉ ነው፤ የእንፍራዝ ነጋዴም አሳምሮ መልሶታል፡፡ ከባዱ «እኔ ዘንድ መሆኑ ለእሱ ምን ይጠቅመዋል?» የሚለው ነው፡፡ መልስ ካጣንለት በሩን ከፍተን እንልቀቀው፤ ከነጭራሹም ከዱር አናምጣው፡፡