የበታች ሠራተኛ ጥፋትና የአለቃ ኃላፊነት

በአማርኛ ተረትና ምሳሌ ውስጥ ስለ ሹመት የሚነገሩ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ነው። የመጀመሪያው የታችኛውን ጥፋት ከላይኛው ጋር ያያይዛል። ሁለተኛው ሥልጣንን እንደ ማዕድ አቅርቦ ያልበላውን ሞኝ ያሰኛል። አንድ ሕዝብ ሁለቱን በአንድ አፍ መናገሩ የሹም ኃላፊነት በሀገራችን ገና ያልለየለት ጉዳይ መሆኑን ያስረዳል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው፤ የበታች ሠራተኛ ሲያጠፋ አለቃው የሚጠየቀው በምንና እስከ ምን ድረስ ነው?

ነገሩ እንዳይደባለቅብን ሁለት ዐይነት ኃላፊነት እንለይ። አንዱን «የእጅ ኃላፊነት» እንበለው፤ ይኸውም ጥፋቱን የሠራ፥ ያዘዘ ወይም እያወቀ የሸሸገ ሰው በፍርድ ቤት የሚጠየቅበት ነው። ሌላውን «የወንበር ኃላፊነት» እንበለው፤ ይኸውም ራሱ ባያጠፋም መቈጣጠር ሲገባው ያልተቈጣጠረ ሹም ለሕዝብ መልስ የሚሰጥበት፥ ነገሩም ከባድ ሲሆን ወንበሩን የሚለቅበት ነው። በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የካህኑ የዔሊ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይነበብልን ነበር። ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ የመሥዋዕቱን ሥጋ በግድ ሲወስዱ ዔሊ ሰምቶ ገሠጻቸው፤ ነገር ግን አልከለከላቸውም። ሥጋውን እርሱ አልወሰደም፤ ሆኖም ከቅጣቱ አላመለጠም። የወንበር ኃላፊነት የምንለው ይህን የመሰለውን ነው።

ወደ ሀገራችን ታሪክ ስንመለስ፥ በቀድሞው ዘመን ገዥው ደመወዝ አልነበረውም። እርሱም ወታደሩም የሚኖሩት ከገበሬው በሚሰበሰበው ግብር ነበር። ስለዚህ የሎሌውን ዝርፊያ ከጌታው መተዳደሪያ መለየት አስቸጋሪ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ. ም. በወጣው የአስተዳደር ደንብ ገዥዎች ደመወዝተኞች እንዲሆኑ ተደረገ። በ1948 ዓ. ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ፥ እያንዳንዱ ሚኒስትር ስለ መሥሪያ ቤቱ ሥራ፥ ምክትሎቹ ስለሚሠሩትም ጭምር፥ ለንጉሠ ነገሥቱና ለመንግሥት ኃላፊ መሆኑን ደነገገ። እንግዲህ የወንበር ኃላፊነት በሕጋችን ከተጻፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል ማለት ነው። ጉድለቱ ግን ተጠሪነቱ ወደ ላይ ብቻ መሆኑ ነበር። ሿሚውም ሻሪውም ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ነበሩ፥ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ወይም ለፓርላማ መልስ የሚሰጥበት ልማድ አልተተከለም። በ1958 ዓ. ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን መርጦ እንዲያቀርብ ቢፈቀድለትም፥ ዋናው ልጓም ከቤተ መንግሥት አልወጣም።

የዚህ አሠራር ዋጋ በወሎ ረኃብ ታየ። ዝናሙ ከጠፋ በኋላ የእርሻ ሚኒስቴር ያስጠናው የሰብል ጥናት አደጋውን አስቀድሞ አመልክቶ ነበር። በ1965 ዓ. ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በዩኒቨርሲቲው ለሕዝብ አሳዩ። መንግሥት ግን ነገሩን ከመግለጥ ይልቅ መሸፈንን መረጠ፤ በ1966 ዓ. ም. መጀመሪያ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለዓለም እስኪያሳየው ድረስም ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። በዚያው ዓመት የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ፤ ጥቂት ቈይቶም የቀድሞ ባለሥልጣኖችን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ።

በእኛ አስተያየት ይህ ኮሚሽን በኢትዮጵያ አስተዳደር ታሪክ ትልቅ ነገር ነው። ሹሞች ለንጉሥ ብቻ ይሰጡት የነበረውን መልስ ለአጣሪ አካል እንዲሰጡ ተጠየቁ። አክሊሉ ሀብተ ወልድ ታስረው ሳሉ ለኮሚሽኑ የጻፉት ቃል ኋላ «የአክሊሉ ማስታወሻ» ተብሎ ታትሟል። ማን ያውቅ ነበር? ያወቀውስ ለማን አስታወቀ? ሥልጣኑ በእውነት በማን እጅ ነበር? እነዚህ ሁሉ በማስረጃ ሊለዩ የሚገባቸው ጥያቄዎች ነበሩ።

ነገር ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ. ም. ወታደራዊው ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎችን፥ አብዛኞቹን የቀድሞ ባለሥልጣኖች፥ ያለ ፍርድ ገደለ። ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፥ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኰንን፥ ከእነዚሁ መካከል ነበሩ። በዚያች ሌሊት የእጅና የወንበር ኃላፊነት ተደባለቁ፤ ያጠፋውና ያላወቀው፥ ያዘዘውና ዝም ያለው በአንድ ጕድጓድ ተቀበሩ። ከሟቾቹ ሌላ የሞተ ነገርም አለ፤ ይኸውም እውነቱን በሸንጎ የማወቅ ዕድላችን ነው።

በዚያው በ1966 ዓ. ም. ሚያዝያ ወር፥ በምዕራብ ጀርመን የመራሔ መንግሥቱ የቪሊ ብራንት የቅርብ ረዳት የነበረው ጊዮም የምሥራቅ ጀርመን ሰላይ ሆኖ ተገኘ። ብራንት ራሳቸው አልሰለሉም፤ ቢሆንም ወንበሩን ለቀቁ። ሰላዩ ተከሶ ተፈረደበት፤ ብራንት ግን የፓርቲያቸው መሪ ሆነው እስከ 1979 ዓ. ም. ቈዩ። ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1946 ዓ. ም.፥ የእንግሊዙ የእርሻ ሚኒስትር ሰር ቶማስ ዳግዴል ክሪቸል ዳውን በተባለ መሬት ጉዳይ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች በፈጸሙት ጥፋት ሥራቸውን ለቀዋል። በእነዚህ አገሮች ወንበር መልቀቅ ሞት አይደለምና ሰው ለመልቀቅ አይፈራም። ሹመት ማጣት ነፍስ ማጣት በሆነበት አገር ግን ሹሙ እስከ መጨረሻው ይክዳል፤ የበታቹንም ይሸፍናል።

አሁን ወደ ምንማርባት ከተማ ወደ ሐዋሳ እንምጣ። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ. ም. የከተማይቱን አስተዳደር ለመለወጥ የታሰበውን ሐሳብ በመቃወም ሰልፍ በወጡ የሲዳማ ተወላጆች ላይ ሎቄ በተባለው ስፍራ የጸጥታ ኃይሎች ተኰሱ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። «ትእዛዙን ማን ሰጠ? ሊያስቆም ሲገባው ያላስቆመውስ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በከተማችን እስከ ዛሬ ይነሣል። በዚያ ጊዜ የክልሉ ርእሰ መስተዳድር የነበሩት አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ናቸው፤ ኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እኚሁ ሰው በየካቲት 2010 ዓ. ም. በሀገሪቱ ሁከት በበረታ ጊዜ በፈቃዳቸው ለመልቀቅ ጠየቁ፤ ይህም በታሪካችን እምብዛም ያልታየ ነገር ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በሐዋሳ ግጭት ተነሥቶ ሰው በሞተ ጊዜ፥ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ወደ ከተማይቱ መጥተው የአካባቢው የዞን ሹሞች በፈቃዳቸው እንዲለቁ ጠየቁ፤ ሹሞቹም ለቀቁ። ወንበር ያለ ደም ሲለቀቅ ማየት መልካም ነው። ይሁን እንጂ መልቀቅ ብቻውን ምርመራን አይተካም፤ በሐምሌ 2011 ዓ. ም. በዚሁ አካባቢ እንደ ገና ደም ፈሷልና።

«አለቃ የሁሉንም ጸሐፊና የሁሉንም ፖሊስ እጅ ሊጠብቅ አይችልም፤ ስለ እያንዳንዱ ጉቦ ቢለቅማ ማን ይቀራል?» የሚል ሰው ይኖራል። ተቃውሞው ትክክል ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠየቅ እንላለን። አንደኛ፥ አለቃው ያውቅ ነበርን? ሁለተኛ፥ ቢጠይቅ ኖሮ ሊያውቅ ይችል ነበርን? ሦስተኛ፥ ካወቀ በኋላ ምን አደረገ? ሳያውቅ ቀርቶ ባወቀ ጊዜ ያረመ ሹም ይመስገን እንጂ አይሻር። ሊያውቅ ሲችል ያልጠየቀ ወንበሩን ይልቀቅ። ዐውቆ የሸሸገ ግን ከወንበር ኃላፊነት ወደ እጅ ኃላፊነት ተሻግሯልና ፍርድ ቤት ይቅረብ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፥ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምም እንዲጠየቅ በአንቀጽ 12 ያዛል። ሕጉ አለ፤ የጎደለን መርምሮ የመለየት ልማድ ነው።

ይህን የምንጽፈው በሽማግሌዎች ለመፍረድ አይደለም። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከእኛ መካከል አንዱ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል፤ በደጁ የሚቆመው ዘበኛ ወይም መዝገብ የሚይዘው ጸሐፊ በእርሱ ስም ሰው ይበድል ይሆናል። በዚያ ቀን «አልሰማሁም» ለማለት የሚፈተነው እርሱ ነው። እንግዲህ ጥያቄውን ከዛሬ እንልመደው።